ከእሾህ አጥር እስከ ጉልት
የመንጌና የአካባቢዋ ገበያ ያለፈበት መንገድ

የአንድን አገር ሰው ለማወቅ ቤተ መንግሥቱንና ሐውልቱን ከመጎብኘት አስቀድሞ ገበያውን ማየት ይበጃል የሚሉ ተጓዦች አሉ። እውነት አላቸው። ሰው የሚያርሰውን፣ የሚበላውን፣ የተረፈውንና የጎደለውን ሁሉ አደባባይ አውጥቶ መሬት ላይ የሚዘረጋው ገበያ ላይ ነው። ከጉልት ሻጭዋ ፊት ያለችው እያንዳንዷ መደብ ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ዘመን የመጣች ናት። ማንበብ ለቻለ ሰው የገበያ ምንጣፍ ከታሪክ መጽሐፍ ብዙም አይለይም።

መንጌ ከአሶሳ በስተ ሰሜን የምትገኝ የበርታ ሕዝብ አገር ናት። በአንድ በኩል ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ በሌላ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ታያለች። ክልሉ በሙሉ የሚጠራበት ስም የፈለቀው ከዚሁ አካባቢ መሆኑን የሚያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። በበርታ ቋንቋ «በላ» ማለት ድንጋይ ነው። «በላ ሻንጉል» የተባለውና እንደ ቅዱስ የሚከበረው አለት የሚገኘው በመንጌ አካባቢ ሲሆን፣ ዐረብኛ ተናጋሪዎች «በላ»ን ወደ «ቤኒ» ለውጠው ስሙን «የሻንጉል ልጆች» አሰኙት። እንግዲህ የአገሩ ስም እንኳ ከእንግዳ አፍ አላመለጠም ማለት ነው።

ስለዚህ አገር ገበያ ከጥንት ጀምሮ የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ወርቁ በወቄት ተመዝኖ ተጽፏል። የዝሆን ጥርሱ ተቆጥሯል። ሰው ሳይቀር ከሸቀጥ ጋር ተደርድሮ ዋጋው ተመዝግቧል። ሴቶቹ ከማሳቸው ለቅመው፣ ፈጭተውና አድርቀው ስለሚያመጡት ምግብ የተጻፈው ግን ከዚህ ሁሉ ጎን ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለመሆኑ ከነዚህ ሁሉ ሸቀጦች መካከል እስከ ዛሬ የአገሩ ሰው ሆኖ የቀረው የትኛው ነው?

* * *

በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ በኩል አልፎ ነበር። በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አክሱም የወርቅ ንግድ የተወልን ወሬ ከታሪካችን ውድ ምስክርነቶች አንዱ ነው። እንደ እርሱ አገላለጽ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ሰዎች ይልካል። የሚተባበሯቸው ነጋዴዎች ሲጨመሩ ቁጥራቸው ከአምስት መቶ ያልፋል። ይዘው የሚሄዱት በሬ፣ ጨውና ብረት ነው።

ከስፍራው ሲደርሱ እሾህ ቆርጠው ትልቅ አጥር ያጥራሉ። በሬዎቹን አርደው ሥጋውን ይቆራርጡና ከጨውና ከብረቱ ጋር ከእሾሁ ላይ ያኖሩታል። የአገሩ ሰዎች ግብጦ የሚያካክል የወርቅ ፍሬ ይዘው ይመጣሉ። የወደዱት ሥጋ ወይም ጨው ላይ ወርቁን አስቀምጠው ፈቀቅ ይላሉ። ባለ ሥጋው ቀርቦ ያያል፤ ከበቃው ወርቁን ያነሣል፣ ሥጋውም ለገዢው ይቀራል። ካልበቃው ወርቁን ሳይነካ ይመለሳል። ያን ጊዜ ባለ ወርቁ መጥቶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። ቋንቋ ለቋንቋ አይተዋወቁምና በመካከላቸው አንዲት ቃል አትወጣም። ገበያው አምስት ቀን ያህል ይቆያል። ጉዞው በጠቅላላው ስድስት ወር ይፈጃል።

ሳሱ በትክክል የት ነበረች የሚለው የታሪክ ሊቃውንትን ያከራክራል። በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግን የፋዙግሊና የቤኒሻንጉል የወርቅ ወንዞች አካባቢ ነው። ይህ እውነት ከሆነ የዚህ አገር ገበያ በጽሑፍ ሲታወቅ አሥራ አምስት መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የመጀመሪያው ሥዕሉም የምግብ ገበያ ነው። ደገኛው ሥጋና ጨው ይሰጣል፣ ቆለኛው ወርቅ ይከፍላል። በእሾሁ አጥር ዙሪያ ሲደረግ ኮስማስ የጻፈልን ሁለቱም ወገን «አይሆንም» ማለት የሚችልበትን ግብይት ነው። ባለ ወርቁ ካልተስማማው ወርቁን አንሥቶ መሄድ ይችል ነበር። ይህንን ልብ እንበልልኝ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት እንግዶች ሁሉ ይህንን መብት አልሰጡትምና።

* * *

ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት የዚህ ንግድ አከርካሪ ሆኖ ቆየ። በአፋር ጨው ሜዳ ተፈልፍሎ በግመልና በአህያ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ በጎጃም አድርጎ ዓባይን ይሻገርና በወለጋ በኩል እስከ በላ ሻንጉል ይደርስ ነበር። መንገዱ በረዘመ ቁጥር አሞሌው ይሰባበራል፣ ቀረጡ ይበዛል፣ ዋጋው ይንራል። የወርቅ ወንዝ ዳር ላለው ሰው ጨው ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ አገር ጋር የሚያገናኘው ገንዘብም ነበር። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ በላ ሻንጉል ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ጨውና ወርቅን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወርቁን የሚያጥቡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አሸዋውን በእንጨት ገበቴ ዘግነው በውኃ እያሽከረከሩ ያጠልሉታል፤ አሸዋው ይሄዳል፣ ከሥሩ የቀረችው ቢጫ ደቃቅ ትለቀማለች። ይህ ሥራ ከእርሻው ጋር የተጣመረ ነው። እህሉ ባነሰ ጊዜ ወርቅ ታጥቦ እህል ይገዛበታል። ስለዚህ ለበርታዋ እመቤት ወርቅ ማለት ጌጥ ወይም ሀብት ከመሆኑ በፊት የክፉ ቀን ማሽላ ነው። የሩቁ ሰው ግን ወርቁን እንጂ ማሽላውን አላየም።

* * *

እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ሱዳንን እየወረረ ወደ ደቡብ ወረደ። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነበር፤ ወርቅና ለጦር ሠራዊት የሚሆን ባሪያ። ዘመቻውን ተከትሎ የመጣው ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ በ1822 መጀመሪያ ላይ እስከ ፋዙግሊና ከዚያም አልፎ ወደ ቤኒሻንጉል ተራሮች ጠረፍ ደርሷል። መሐመድ ዓሊ ራሱ በስተርጅና ዕድሜው በ1838 መጨረሻ ወደ ፋዙግሊ ተጉዞ የወርቁን ነገር በዓይኑ አይቷል። ያሰበውን ያህል ወርቅ አላገኘም፤ የሰው አደኑ ግን አላቆመም። ተራራው ላይ የሠፈሩት መንደሮች በየበጋው በጠመንጃ ይከበቡ ነበር።

በዚሁ ዘመን የሱዳን ነጋዴዎች ወደ አገሩ ገብተው ከበርታ ባላባቶች ጋር ተጋቡ። ከነሱ የተወለዱት «ወታዊት» የተባሉት ቤተሰቦች ንግዱንም ሹመቱንም ጠቀለሉት። ከቤኒሻንጉል በስተ ደቡብ፣ በርታና ኦሮሞ በሚገናኙበት ወሰን ላይ የነበረው የፋዳሲ ገበያ በዚህ ጊዜ እጅግ ገነነ። በኦሮሞ በኩል ቡና፣ ማርና የዝሆን ጥርስ፣ በሱዳን በኩል ጨርቅና ዶቃ፣ በበርታ በኩል ወርቅ ይመጣል። ከሁሉም በኩል ደግሞ ሰው ይመጣል፤ ለመሸጥ ሳይሆን ለመሸጥ የታሰረ ሰው። ኦስትሪያዊው ኤርንስት ማርኖ በ1870፣ ኢጣሊያኖቹ ጄሲና ማቴውቺ በ1878 ፋዳሲ ደርሰው ከዚያ ማለፍ ተስኗቸው ተመልሰዋል። የአምስተርዳሙ ተወላጅ ኽዋን ማሪያ ስኹቨር ግን በ1881 እና በ1882 በዚህ አገር ረዘም ላለ ጊዜ እየተዘዋወረ ሰፊ ማስታወሻ ጽፏል። በ1883 በባሕር ኤል ጋዛል በጦር ተወግቶ ሲሞት ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ምዕራብ ዘምተው ቤኒሻንጉልን በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር አስገቡ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የወሰን ውል ይህንኑ አጸና። ከወታዊት ሹማምንት መካከል ስማቸው በጣም የታወቀው ሼክ ኾጀሌ አል ሐሰን ለተወሰነ ጊዜ በአዲስ አበባ ታስረው ከተፈቱ በኋላ ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ የሚገብሩ ኃያል ባላባት ሆኑ። አዲስ አበቤው በየቀኑ የሚያልፍበት «ሸጎሌ» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው፤ መኖሪያቸውም እዚያው ነበር።

ግብሩ ወርቅ ብቻ አልነበረም። የሼክ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና ከጠረፉ ማዶ በሱዳን ግዛት ተቀምጣ ባሪያ በመነገድ የታወቀች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ አስተዳደር ይዞ እስኪያስራት ድረስ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባርነትን ለማስቀረት የወጣው ዐዋጅ በዚያው ዓመት ተከተለ፤ ሙሉ በሙሉ የሻረው ዐዋጅ ግን የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ዓመታት ሩቅ አይደሉም። በገበያ ቀን ልጅን ከእናት ጀርባ መንጠቅ ምን እንደ ነበር ከአያቶቹ የሰማ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር፣ እህል ላበደረ አፈር» ይላል የአገራችን ሰው። ቤኒሻንጉል ወርቁንም፣ እህሉንም፣ ልጁንም ሰጥቶ የተመለሰለት ይኸው ነበር።

* * *

አሁን ደግሞ ወርቁን ወደ ጎን ትተን ወደ ምንጣፉ እንመለስ።

የበርታ ሴት ወደ ገበያ ስትሄድ ሸክሟን በጀርባዋ አታዝልም። በጫንቃዋ ላይ አንድ በትር ታጋድምና በግራና በቀኝ ጫፉ ሸክሙን አንጠልጥላ፣ ሚዛኑን እየጠበቀች በፈጣን እርምጃ ትጓዛለች። ከሸክሙ መካከል በብዛት የሚገኘው ማሽላ ነው። ማሽላ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በምሥራቅ ሱዳን በካሰላ አካባቢ በተገኘ ሸክላ ላይ የታተመ የማሽላ ቅሪት ሰው እህሉን ማላመድ የጀመረው ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት መሆኑን አመልክቷል፤ ጥናቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የአክሱም በሬ ከእሾህ አጥሩ ላይ ከመሰቀሉ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የዚህ ቆላ ሰው የማሽላ ገንፎውን ይበላ ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ከማሽላው ቀጥሎ ከንከሴ አለ። ሱዳኖች «ባሚያ» ይሉታል፤ የአዲስ አበባ ሰውም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። ጉሙዞች «አንደሃ» ይሉታል። እርጥቡ ተከትፎ ወጥ ይሠራል፤ የተረፈው ተቆራርጦ በፀሐይ ይደርቅና ተፈጭቶ ለበጋ ይቀመጣል። ዱቄቱ ወጡን ያልመዋል፣ ገንፎውም ሲጠቀስ ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ሲመድባት ከንከሴን ከተወላጆቹ ተራ ቆጥሮታል። የመጀመሪያ አገሩ የት ነው በሚለው ላይ ሊቃውንት ዛሬም አይስማሙም። በአሶሳ ዙሪያ ከየጓሮው የተሰበሰቡት የከንከሴ ዘሮች ግን በቁመት፣ በቀለምና በፍሬ እጅግ የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ዘር እየመረጠች፣ እያስቀመጠችና ለልጇ እያወረሰች ያቆየችው ስሟ በአንድም መዝገብ ያልተጻፈው ጉልት ሻጭ ናት።

በክረምት ወራት የቀርከሃ ቡቃያ ወደ ገበያ ይወጣል። የቆላው ቀርከሃ ገና ከመሬት ብቅ ሲል ለጋው ይቆረጥና ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ ምሬቱ ከወጣለት በኋላ ይበላል። ቤቱም፣ አጥሩም፣ አልጋውም፣ ምንጣፉም ከዚያው ከቀርከሃ ነው። እህል ገና ባልደረሰበት፣ ጎተራው በሚራቆትበት ወቅት የሚመጣ ምግብ በመሆኑ ዋጋው በብር ከሚለካው ይበልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት መደቦች የመንገደኛ ልጆች ናቸው። ለውዝና በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር ተነሥተው ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡ ናቸው። ማንጎ የህንድ ተወላጅ ነው፤ ዛሬ ግን የአሶሳ ዞን ማንጎ ስሙ የተጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደ ቤኒሻንጉልም ገብቶ ገበሬውን አስጨንቋል። ቀዩ ከርከዴ ከሱዳን ጋር የጋራ ነው፤ ለሙቀት ማብረጃ በስኳር ተበጥብጦ ይጠጣል። በእሳት ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የሚጋገረው የማሽላ ክስራም እንዲሁ። በፓሻው ዘመን ጠመንጃ የመጣበት መንገድ ይህንንም አምጥቷል።

* * *

የምንጣፉ የመጨረሻ ገጽ ቅርብ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት የደርግ መንግሥት 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው አገር አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ከዋነኞቹ ጣቢያዎች አንዷ አሶሳ ነበረች። ሰፋሪዎቹ በአብዛኛው የወሎ ገበሬዎች ሲሆኑ መንደሮቻቸው ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው፤ እስከ ዛሬም «አምባ» እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩ አሉ። ብዙዎቹ ሳይወዱ የመጡ ነበሩ። በሌላ በኩል ለነሱ የተመነጠረው መሬት ባለቤት አልባ አልነበረም፤ በርታው እያፈራረቀ የሚያርሰው፣ ማር የሚቆርጥበትና ቀርከሃ የሚያገኝበት ነበር። አንዱ አገሩን፣ ሌላው መሬቱን አጣ።

ሰፋሪው ጤፉን፣ በሬውንና ሞፈር ቀንበሩን ይዞ መጣ። በዶማ የሚያርሰው በርታ ገበያ ላይ ከወሎዬ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በአሶሳ ዙሪያ ገበያዎች ጤፍና ከንከሴ፣ በርበሬና የቀርከሃ ቡቃያ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ በርትኛ፣ ዐረብኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ባንድ ጥላ ሥር ይሰማሉ። ይህ አብሮነት ቀላል ሆኖ አልቆየም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በአሶሳ ከተማ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከግጭት በኋላ አገር መረጋጋቱ የሚታወቀው ደግሞ ሴቶቹ ተመልሰው ጉልት ሲቀመጡ ነው። ከባለሥልጣን መግለጫ ይልቅ ሰው የሚያምነው ያንን ነው።

* * *

ገበያን ለማየትና ለመቅመስ ብቻ የሚጓዝ እንግዳ በዓለም ላይ በዝቷል። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ላንካስተር በምትባል ከተማ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆየ ገበያ አለ፤ የዛሬው የጡብ ሕንጻው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ከሻጮቹ መካከል አሚሽ የሚባሉ ገበሬዎች ይገኙበታል። አባቶቻቸው በሃይማኖት ምክንያት ተሳደው ከአውሮፓ የተሰደዱ ናቸው። እስከ ዛሬ በመካከላቸው የጀርመንኛ ዘዬ ይናገራሉ፣ በፈረስ ጋሪ ይጓዛሉ። በፊላደልፊያ በ1893 በተከፈተው የሪዲንግ ተርሚናል ገበያም ዳቦና ማርማላታ ይዘው ይቀርባሉ፤ በዚያች ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሳያውቋቸው አይቀሩም። እሑድ አይሸጡም። ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣቸውን አይወዱም። እንግዳው ይህንን ዐውቆ፣ እነሱ ባሉት ቀንና እነሱ በፈቀዱት ልክ ይገዛል። የራሱ ቋንቋና ልማድ ያለው አነስተኛ ሕዝብ ከትልቅ ከተማ ጋር ሲገበያይ ደንቡን ራሱ ማውጣት መቻሉን ያሳያል።

መንጌና አካባቢዋ ከእሾህ አጥሩ ወዲህ ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። ደንቡን ያወጣው ባለ ጠመንጃው፣ ባለ ሚዛኑ፣ ባለ ቁጥሩ አሰፋፈር ነው። አሁንም እንግዳ እየመጣ ነው። በክልሉ በጉባ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በኩርሙክ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ልማት ተጀምሯል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ በዚያው በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኞች ገብተዋል፤ ከነሱም መካከል ከንከሴን በሌላ ስሙ የሚያውቁት፣ ክስራ የሚጋግሩት ብዙ ናቸው። ወርቁ ወጣቱን ከማሳው እየሳበው ነው። ወርቅ የሚያወጣ ሰው ማሽላ መግዛቱ የጥንት ነገር ነው፤ የሚያርሰው ሁሉ ወርቅ ቆፋሪ ከሆነ ግን ማሽላውን የሚሸጥለት ማን ነው? የከንከሴው ዘር አንድ ክረምት ካልተዘራ፣ ሁለት ክረምት ካልተዘራ፣ በሦስተኛው ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ወደዚያ የሚጓዝ አንባቢ ካለ ከወርቁ ወሬ በፊት ወደ ጉልቱ ቢጠጋ ይጠቀማል። «ስንት ነው?» ከማለት አስቀድሞ «ይህ ምን ይባላል? እንዴት ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። ካዮና ስኹቨር እንኳ የአገሩን ቃላት በማስታወሻቸው ለቅመው ሄደዋል፤ የገዛ አገሩ ሰው ከነሱ ማነስ የለበትም። የተጠየቀችው ሴት ከፈለገች ትነግረዋለች፣ ካልፈለገችም ዝም ትላለች፤ ዋጋው ካልተስማማትም መደቧን መልሳ ትሰበስባለች። ያ መብቷ ነው።